ለዘይነባ የተጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ

ስለ መመሪያ ሳወራ ሰው ያዛጋል። ልጆቼ ያዛጋሉ፤ ባለቤቴማ ገና «አንቀጽ» ስል ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በስድስት ገጽ መመሪያ አንዲት ሴት ከነልጇ ስትወድቅ አይቻለሁ። ያየሁትም ከዳር ቆሜ አይደለም፣ እስክሪብቶውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ታገሱኝ፣ ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ አገሩ ጅማ። እኔ የሄርማታ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጅማው መርካቶ ጀርባ ጫማ ይሰፋ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር የሥራ ፈላጊ ካርድ አወጣሁ። ካርዱ በየወሩ ይታደሳል። አንድ ወር የቀረ ሰው ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል። እኔ አንድ ወር ወባ ጥሎኝ ቀረሁና ከመቶ ስንት ሰው በኋላ ተመልሼ ተሰለፍኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሄደ በኋላ፣ ካርዱን የሚያድሰው መሥሪያ ቤት ራሱ ጊዜያዊ ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ኮንትራቴ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ የኖርኩ ሰው፣ ከመስኮቱ ውስጥ ስቀመጥ ዓለም የተገለበጠች ነው የመሰለኝ። ተመልሶ ወደ ውጭ መውጣትን የመሰለ የምፈራው ነገር አልነበረም።

በዚያ ዓመት አንድ የቡና መጋዘን ሠላሳ ምናምን ሴቶችን አሰናበተ። እነዚህ ሴቶች መጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው በእጃቸው ሲለዩ የኖሩ ናቸው። ማሽን መጣና አያስፈልጉም ተባለ። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው ክፍያ የሚባል ነገር ያኔ አይታወቅም። ለነዚህ ሴቶች ግን ከበላይ ተፈቅዶ «የመሸጋገሪያ ክፍያ» የሚባል አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ተያዘላቸው፤ መመሪያውም ለኛ ቢሮ ተላከ። መመሪያው ሲጠቃለል ይህን ይላል። በገዛ ፈቃዷ የለቀቀች አይከፈላትም። ክፍያው እስኪደርስ ድረስ ዘወትር ሰኞ እየመጣች ሥራ የሌላት መሆኑን ትፈርማለች። በዚህ መሀል በገንዘብም ሆነ በዓይነት እየተከፈላት ስትሠራ የተገኘች ከዝርዝሩ ትሰረዛለች። ራዲዮው ጠዋትና ማታ ሥራ ፈቱን ይሰድባል፣ እኛ ደግሞ ሴቶቹን በየሳምንቱ ሥራ ፈት ነን ብላችሁ ፈርሙ እንላቸዋለን። ያኔ አላሳቀኝም፤ አሁንም አያስቀኝም።

ከሴቶቹ አንዷ ዘይነባ አባ ዋጂ ነበረች። ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት፣ በመጋዘኑ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች፣ ባሏ የሞተባት። ነጃት የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። ነጃት ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ እግሯ ስለሰለለ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ዘይነባ ሰኞ ሰኞ ለፊርማ ስትመጣ የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የስፌት መኪና። መርካቶ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ ከዕቃው መሀል በእጅ የሚዞር መኪና አለው። በእግር የሚረገጠው በየሱቁ በረንዳ ሞልቷል፤ በእጅ የሚዞረው ግን እንደ ልብ አይገኝም፣ ለነጃት ደግሞ ከሱ በቀር የሚሆናት የለም። ሰውየው እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቃት ቃል ገብቶላታል።

«ልጄ፣ ሐሙስ ነው ያልከኝ?» አለችኝ የመጨረሻው ሰኞ ላይ።

«ሐሙስ ከሰዓት ይከፈላል እትዬ ዘይነባ። ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ገንዘብ ያዡ ይጠራችኋል።»

«ኢንሻአላህ። ነጃትን ይዣት እመጣለሁ፤ ከዚሁ በቀጥታ ወደ ሰፊው እንሄዳለን።»

ቀስ ብላ ፈረመች። መሠረተ ትምህርት ገብታ ነው ስሟን መጻፍ የተማረችው። ሌሎቹ በጣታቸው ሲያትሙ እሷ ፊደል በፊደል እየለቀመች ትጽፋለች፣ ስትጨርስም ቀና ብላ ታየኛለች። እኔም «ጎበዝ» እላታለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊው አስጠራኝ። ድሮ አስተማሪ የነበረ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ከጀርባው የአብዮቱ ሦስት ጺማም ሊቃውንት ከግድግዳው ሥዕል ላይ ያያሉ።

«ከመጋዘኑ ሴቶች አንዳንዶቹ ሰርቦ ሄደው በክፍያ ቡና እየለቀሙ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶኛል» አለኝ። «መኪናውን ይዘህ ሂድ። ቅጹን እዚያው ሙላ። ያየኸውንና የሰማኸውን እንዳለ ጻፍ።»

«እሺ ጓድ።»

«እንዳለ ነው ያልኩህ። ባለፈው ወር የአንዱን ካርድ ቀኑ ካለፈ በኋላ በሐዘኔታ አድሰሃል ተብሎ ተነግሮኛል። ኮንትራትህ ደግሞ በዚህ ወር ያበቃል።»

ቅጹን ይዤ ወጣሁ።

ሾፌራችን ጋሽ በቀለ የሚባሉ፣ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ ያንኑ ላንድሮቨር የሚነዱ ሰው ናቸው። ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው ሰርቦ ስንደርስ ቡናው ቀልቷል። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ማሳዎቹ ስንገባ፣ የመኪናው ድምፅ ገና ከመሰማቱ ለቃሚው ሁሉ ቅርጫቱን እየጣለ ወደ ጫካው ሸሸ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ላንድሮቨር ሰው ይወስዳል እንጂ ሰው አምጥቶ አያውቅም። ከሚሮጡት መሀል ቢያንስ የአራቱን ነጠላና ጀርባ አውቄያለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ፊት ለፊቴ የሚፈርሙ ናቸው።

አንዲት ሴት ብቻ አልሮጠችም። ቅርጫቷን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ወደ መኪናው መጣች።

«አንተ! የኛ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለች ዘይነባ እየሳቀች። «ምን እግር ጣላችሁ? ኑ፣ ማሎ፣ ውሃ ጠጡ።»

ማሎ በኦሮምኛ እባካችሁ ማለት ነው። እኔ ግን ከመኪናው ስወርድ ቅጹን ይዤ ነበር።

«እትዬ ዘይነባ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አራስ ልጠይቅ መጥቼ። የሽኩር ሚስት ወልዳ፣ ጎረቤታችን ናት፣ እኔኮ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። እሱ ዘማች ነው፣ ሰሜን ነው ያለው። ትናንት እናንተ ጋ ፈርሜ ከሰዓት ስደርስ ቡናው መሬት ላይ ይረግፋል። የገበሬ ማኅበሩ ለዘማች ቤት ደቦ ጠርቶ ሰው ሁሉ ወጥቷል። እኔ እጄን አጣጥፌ አራሷ ጎን ልቀመጥ? ቅርጫት አምጡ አልኩ።»

ይህን የምታነቡ የከተማ ልጆች፣ ደቦ ምን እንደሆነ ታውቁ ይሆናል። አንዱ ቤት ሥራ ሲጠናበት ጎረቤት በነፃ የሚወጣበት ነው። የደረሰበት ሰው ቆሞ አያይም፤ ቢያይ ዕድሜ ልኩን ይወራበታል። ይህን እኔም አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ ብቻ ሳይሆን እናቴ በየዓመቱ ለቀማ ትወጣ ስለነበር በደቦ ቤት ምሳ ነው ያደግሁት።

ቅጹን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቼ ጠየቅኳት። ስም፣ የተገኘችበት ቦታ፣ የተገኘችበት ሥራ። ከዚያ ዘጠነኛው ጥያቄ መጣ። «በገንዘብ ወይም በዓይነት የተቀበሉት ክፍያ አለ?»

«ደመወዝ?» አለች፣ ቅር ብሏት። «ከዘማች ቤት? እንዴት እንዲህ ያለ ነውር ትጠይቀኛለህ? ትናንት ስንጨርስ አራሷ ለሁላችንም አንድ አንድ ጣሳ ቡና አስለክታ ሰጠችን እንጂ።»

«ተቀበሉ?»

«ኤዬ፣ ተቀበልኩ። እምቢ ብል ቤቷን መናቅ አይደለም እንዴ? ደመወዝ ቢሆንማ በብር ነበር። ጣሳውማ ደቦ ለመሆኑ ምስክር ነው። ጻፈው፣ ጣሳውንም ጻፈው፤ አለቃህ ሲያየው ይገባዋል።»

ጋሽ በቀለ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ልጅ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጣሳውን ለምን አትተወውም?»

«እሷ ናት ጻፈው ያለችው» አልኳቸው።

አያችሁ፣ ይህችን መልስ ዛሬም ድረስ አልረሳኋትም። እውነት ናት፤ ቃል በቃል እውነት ናት። «አዎ፣ በዓይነት፣ አንድ ጣሳ ቡና» ብዬ ጻፍኩ። ደቦ ነው የሚለውን የምጽፍበት ቦታ ፈለግሁ። ከቅጹ ግርጌ ትንሽ ባዶ ነበረ፤ «መሥሪያ ቤቱ የሚሞላው» ይላል። ተውኩት። ዘይነባ እስክሪብቶውን ተቀብላ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስሟን ጻፈች። ቀና ብላ አየችኝ። በዚያን ቀን ጎበዝ አላልኳትም።

ስንመለስ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ወደ ጫካው የሸሹት አንድ በአንድ እየወጡ ቅርጫታቸውን ያነሳሉ። በሪፖርቴ ላይ «ሌሎች አልተገኙም» ብዬ ጻፍኩ። ይህም ቃል በቃል እውነት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኃላፊው ቅጹን አንብቦ «ትሰረዝ» አለ።

«ጓድ፣ ደቦ ነው። ለዘማች ቤተሰብ የተጠራ ነው፣ ማኅበሩ ነው የጠራው።»

«ደቦ የሚል ቃል ቅጹ ላይ አለ?»

«የለም።»

«መመሪያው ላይስ?»

«የለም።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ክፉ ሰው ነበር ብል ቀላል ይሆንልኛል፤ ግን አልነበረም። እሱም በላዩ የሚፈራው ሰው ነበረው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና፣ «ማስረጃ ካላት ከገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ ታምጣ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት» አለ።

ደስ አለኝ። የዳነች መሰለኝ፤ እኔም ከነገሩ የነጻሁ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ወዳለው ቤቷ ሄድኩ። ዘይነባ ከሰርቦ ገና መግባቷ ነው። ነጃት በሩ አጠገብ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ በእጇ ትጥፋለች። ጆንያ መጣፍ ብቻ አልነበረም የምታደርገው፤ ስፌቱን እኩል እኩል ለማስኬድ ትለማመዳለች። ቀና ብላ ሰላም አለችኝ። ፊቷ ቁርጥ የእናቷ ነው፣ ሳቋ ብቻ የለም።

ነገሩን ነገርኳት። ዘይነባ ግራ ተጋባች። «ዋላሂ፣ ጣሳውን አጽፌልሃለሁ እኮ» አለች። ጣሳው ነው ያጠፋዎት ለማለት ድፍረት አጣሁ።

«ምንም አይደለም፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የጎደለው» አልኳት። «የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይጻፉልዎ። ማኅተም ይኑረው። ጠንከር አድርገው ይጻፉልዎ፣ ለስለስ ያለ ደብዳቤ እኛ ቢሮ አይሠራም።»

«አባ ፊጣ ነው ሊቀ መንበሩ፣ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። አጠንክረህ ጻፍ እለዋለሁ።»

ጠንከር አድርገው ይጻፉልዎ ያልኩት እኔ ነኝ። ልብ በሉልኝ።

ሐሙስ ማለዳ በቡና መኪና ተሳፍራ ሰርቦ ሄደች። እኛ ግቢ ሴቶቹ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መሰለፍ ጀመሩ። ሰርቦ ላይ ወደ ጫካው የሸሹት አራቱም ነጫጭ ነጠላ ለብሰው መጥተዋል፤ አንዷ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። ነጃት ደግሞ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ለብቻዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ኃላፊው በየጊዜው ሰዓቱን ያያል። እኔ ደግሞ በመስኮት መንገዱን አያለሁ። አምስት ተኩል ሲሆን ያ መኪና ተበላሽቷል፣ ወይም አባ ፊጣ አልተገኙም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ለስድስት ሃያ ጉዳይ ሲል በሩ ተንኳኳ። ዘይነባ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አቧራ ነበረች። ከጡቷ ሥር በመሐረብ የተጠቀለለ ፖስታ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ፖስታው ታሽጓል፤ ማኅተሙ ሁለት ቦታ አርፎበታል።

ኃላፊው ፖስታውን ቀደደና ደብዳቤውን ለኔ አቀበለኝ። «ጮክ ብለህ አንብበው።»

ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር ብሎ ይጀምራል። ከዚያ እንዲህ ይላል። «ዘይነባ አባ ዋጂ የተባሉት እናት በማኅበራችን ክልል በቡና ለቀማ ሥራ ላይ ተሰማርተው...»

ዓይኔ ከምላሴ ቀድሞ ወደ ታች ወረደ። ያየሁትን አይቼ ማንበቤን አቆምኩ።

«ቀጥል» አለ ኃላፊው።

«...ሰባት ቀን ሙሉ ከማለዳ እስከ ምሽት ሳይሰለቹ የሠሩ፣ ከወንድ ለቃሚ የማያንሱ፣ በሥራቸው ታታሪ በመሆናቸው ምርት ሳይባክን እንዲሰበሰብ ያደረጉ፣ ለወደፊቱም በማናቸውም ጊዜ ሥራ ሊሰጣቸው የሚገባ ብርቱ ሠራተኛ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»

አባ ፊጣ ምን ያድርጉ? በኛ አገር የድጋፍ ደብዳቤ ማለት ሰውን ማወደስ ነው። ጠንከር አድርገህ ጻፍ ተብለዋል፤ አንዱን ቀን ተኩል ሰባት ቀን አደረጉት። አንዲት ሴት ከመንግሥት ገንዘብ ለመቀበል አለመሥራቷ መመስከር አለበት ብሎ ማን ያስባል?

እያነበብኩ ዘይነባን አየኋት። ፈገግ ብላ ነበር። ሰባት ቀን ስል ትንሽ አፍራ አንገቷን ደፋች፣ ከወንድ ለቃሚ የማያንሱ ስል መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። በሕይወቷ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ እንዲህ ተወድሳ አታውቅም። ያቺን ፈገግታ ዛሬም ሳስታውሳት ውስጤ ይቃጠላል።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። የፊርማው መዝገብ ብብቴ ሥር ነበር። በመሀሉ ሰኞ ጠዋት እኛ ጋ የፈረመች ሴት ሰባት ቀን ሙሉ ከማለዳ እስከ ምሽት ሰርቦ ልትሠራ አትችልም፤ መዝገቡን ገልጬ «ጓድ፣ ይህ ሊሆን አይችልም፣ ተጋንኖ ነው» ማለት እችል ነበር። ብናገር ደብዳቤው ሐሰተኛ ነው ተብሎ እሷም አባ ፊጣም ይጠየቁ ይሆናል ብዬ እንደፈራሁ ለብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው። የፈራሁት ለኮንትራቴ ነው። መዝገቡን ከብብቴ ሳላወጣ ቆሜ ቀረሁ።

ኃላፊው ማስመሪያውን አነሳ። በቀይ እስክሪብቶ ስሟ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። «የገዛ ማስረጃዋ ነው» አለኝ፣ ለሷ ሳይሆን ለኔ። ዝርዝሩን ፈርሞ ለገንዘብ ያዡ ላከው።

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ስንት ሰዓት ልቁም? ሰልፉ ረጅም ነው።»

ወደ ኮሪደሩ ይዣት ወጣሁ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ተሰርዘዋል።»

«ደብዳቤው ማኅተም አለው እኮ።»

«ማኅተሙ አይደለም። ሠርታለች ስለሚል ነው። የሠራ ሰው አይከፈለውም።»

ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት፣ ቀስ እያለ ነው የገባት።

«አልሠራችም ብሎ ቢጽፍ ይሻል ነበር?»

«አዎ።»

«ሰነፍ ናት፣ አራስ ቤት ተጋድማ ዋለች ብሎ?»

«አዎ።»

«ጣሳውን አልተቀበልኩም ብልህስ?»

«ያ ረቢ» አለች ለራሷ። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። የምትረግመኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትረግመኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

«አንተ ምን አጠፋህ ልጄ» አለችኝ። «ያልኩህን ነው የጻፍከው።»

በመስኮት አየኋት። ወደ ድንጋዩ ሄዳ ለነጃት ጎንበስ ብላ ነገረቻት። ነጃት ምርኩዟን አነሳች። ሁለቱም በተሰለፉት ሴቶች አጠገብ አልፈው ወጡ። ከሰልፉ አንዲትም ሴት አልተናገረችም። አራቱም በዚያው ከሰዓት ገንዘባቸውን ተቀበሉ። በነሱ አልፈርድም፤ የሸሹት መሸሽ ስላለባቸው ነው። ልብስ ሰፊው እስከ ወሩ መጨረሻ ጠበቀ፣ ቃሉን አላጠፈም። ከዚያ መኪናውን ለአንድ የአጋሮ ሰው ሸጦ አገሩ ገባ።

እኔ በሚቀጥለው ወር ቋሚ ሆንኩ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «በሥራው ጥንቁቅና ታማኝ በመሆኑ» ይላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። እኔ ለዓመታት ስጠብቅ ያቺ እውነት ስትጠራ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ቅጽ ይዞ መስኮቴ ላይ ሲመጣ፣ ብዕሬን ከማንሳቴ በፊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሠርቻለሁ እንዳይሉ፣ ምንም አልተቀበልኩም ይበሉ» ማለት ጀመርኩ። ብዙ ሰው በዚህ ተጠቀመ። ስንት እናት መረቀኝ። ሰው አክባሪ፣ ሩኅሩኅ ጸሐፊ የሚል ስም ወጣልኝ። እናንተም ምናልባት እንዲህ ያለ ጸሐፊ ገጥሟችሁ አመስግናችሁት ይሆናል። ከማመስገናችሁ በፊት ማንን ከጣለ በኋላ ደግ እንደሆነ ጠይቁት።

አምስት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት ቀና ስል ነጃት መስኮቴ ላይ ቆማለች። የሥራ ፈላጊ ካርድ ልታወጣ ነው የመጣችው። አወቅኳት፤ እንዳወቀችኝም አወቅሁ።

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ሰርቦ ናት። የቀን ሠራተኛ ሆና ቡና ትለቅማለች።»

ቅጹን አውጥቼ ሞላሁላት። ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት። አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ሥራ ለመሥራት የሚያግድ የአካል ጉዳት አለ?» አለ ተብሎ የተሞላበት ቅጽ ወደ ሐኪም ቦርድ ይላካል፤ ወደዚያ የተላከ ቅጽ ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ለዓመታት የተለማመድኩት ድምፅ ወጣልኝ።

«የለም ብዬ ልሙላው» አልኳት በሹክሹክታ። «ማንም አያየውም። እኔ ነኝ የምሞላው።»

ነጃት ምርኩዟን አንስታ መስኮቱ ደፍ ላይ አጋደመችው። ባንኮኒውን ይዛ ቆመች።

«እናቴን ስትጽፍ ያየኸውን ነው የጻፍከው» አለችኝ። እርስዎ ማለት ነበረባት፣ አላለችም። «እኔንም የምታየውን ጻፍ።»

«ነጃት፣ ካርዱን አታገኚም። ልርዳሽ፣ እባክሽ።»

«ያኔ ጣሳውን ለማን ብለህ ነው ያልተውከው? አሁን እግሬን ለማን ብለህ ነው የምትተወው?»

ከኋላዋ ሰልፉ ተጉረመረመ። እሷ ዓይኗን ከእስክሪብቶዬ ላይ አላነሳችም።

«አለ» ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን አዙሬ ሰጠኋት። አንብባ ፈረመች።